ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ አባትነትን ማረጋገጥ

አባትነትን ማረጋገጥ ማለት አንድ ሰው የአንድ ልጅ አባት መሆኑ በሕግ ፊት የሚታወቅበት ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ሕግ እናትነት የሚታወቀው በመውለድ ብቻ ነው። ባል ያላት ሴት ስትወልድ ባሏ የልጁ አባት እንደሆነ ሕጉ ይገምታል። እናትና አባቱ ሳይጋቡና እንደ ባልና ሚስት አብረው ሳይኖሩ የተወለደ ልጅ ግን አባቱ በሰነድ ወይም በፍርድ እስኪታወቅ ድረስ ሕጋዊ ዝምድናው ከእናቱ ወገን ጋር ብቻ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ሥርዓቱን በአገር አቀፍ ደረጃ፣ በተለይም በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ካለው ኑሮ ጋር አያይዞ ያቀርባል።

ታሪካዊ ዳራ

በጎንደርና በአካባቢው ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ሦስት የጋብቻ ዓይነቶች ነበሩ፤ እነርሱም የቁርባን፣ የሰማንያና የደመወዝ ጋብቻ ናቸው። የደመወዝ ጋብቻ ለተወሰነ ጊዜ፣ በክፍያ ውል የሚደረግ ነበር። ከነዚህ ውጭ የተወለደ ልጅ «ዲቃላ» ይባል ነበር። ቃሉ ዛሬም እንደ ስድብ ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ የአባት መታወቅ ከስም ያለፈ ጥቅም ነበረው። በአካባቢው የነበረው የርስት መሬት በአባትም በእናትም በኩል ትውልድ ተቆጥሮ የሚጠየቅ ስለነበር፣ አባቱ የታወቀ ልጅ ከሁለቱም ወገን ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ነበር። የርስት ሥርዓት የገጠር መሬትን የሕዝብ ባደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ አበቃ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አባትየው በፈቃዱ ልጁን እንዲቀበል ፈቀደ። እምቢ ካለ ግን ፍርድ ቤት አባትነትን ሊወስን የሚችለው እናቲቱ በተፀነሰበት ጊዜ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ከሆነ ብቻ ነበር። በዚህ የተነሳ በፍቅር ወይም በጋብቻ ተስፋ የተወለዱ ልጆች አባታቸው ከካደ የሚሄዱበት የሕግ መንገድ አልነበራቸውም።

ይህ የተለወጠው በሁለት እርምጃ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ቀጥሎ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አባትነት በፍርድ ቤት የሚወሰንባቸውን ምክንያቶች አሰፋ። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አወጣ። ይህ ሕግ በጎንደርም ይሠራል፤ በአብዛኛው የፌዴራሉን ሕግ የተከተለ ነው።

አባትነት የሚታወቅባቸው መንገዶች

ሕጉ ሦስት መንገዶችን ያውቃል።

የመጀመሪያው የሕግ ግምት ነው። ግምቱ ለባል ብቻ ሳይሆን፣ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለሚኖሩ ሰዎችም ይሠራል። እርግዝና ከ180 ቀን እንደማያንስና ከ300 ቀን እንደማይበልጥ ተወስዶ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ልጅነትን መቀበል ነው። አባትየው በክብር መዝገብ ሹም ፊት «የተወለደው ወይም የተፀነሰው ልጅ የኔ ነው» ብሎ ቃሉን ይሰጣል፤ ወይም ይህንኑ በኑዛዜ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ ይገልጻል። ቃሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። በሽማግሌ ፊት ወይም በዘመድ ጉባኤ «ልጄ ነው» ማለት በአካባቢው ትልቅ ክብደት ቢኖረውም፣ ብቻውን ልጅነትን እንደ መቀበል አይቆጠርም።

አባትየው ስለተቀበለ ብቻ ነገሩ አያልቅም። እናቲቱ ቃሉ እውነት መሆኑን ካላመነች ሰነዱ ውጤት የለውም። ስለዚህ ሳይጋባ የወለደ አባት ብቻውን ቀበሌ ሄዶ ልጁን በስሙ ሊያስመዘግብ አይችልም። በሌላ በኩል፣ አንድ ጊዜ ልጁን የተቀበለ ሰው በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ቃሉን ሊሽር አይችልም። እናቲቱ የሌላ ሰው ሚስት ከሆነች ደግሞ የባልዬው አባትነት በመካድ ክስ እስካልፈረሰ ድረስ ሌላ ሰው ልጁን ሊቀበል አይችልም።

ሦስተኛው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። አባትየው ሲክድ ክስ ሊቀርብ የሚችለው በሚከተሉት ምክንያቶች ነው፦

• እናቲቱ ልጁ በተፀነሰበት ጊዜ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ከሆነ፣
• በተንኮል፣ በሥልጣን አላግባብ በመገልገል ወይም በጋብቻ ተስፋ ተታልላ ከሆነ፣
• አባት የተባለው ሰው አባትነቱን በማያሻማ ሁኔታ የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ሌላ ጽሑፍ ጽፎ ከሆነ፣
• ልጁ ሊፀነስ ይችል በነበረበት ጊዜ ሁለቱ ያልተቋረጠ ግንኙነት ከነበራቸው፣
• ሰውየው እንደ አባት ሆኖ ልጁን በመቀለብ፣ በመንከባከብ ወይም በማስተማር ተሳትፎ ከሆነ።

ተከሳሹ በበኩሉ በደም ምርመራ ወይም በሌላ አስተማማኝ የሕክምና ዘዴ አባት ሊሆን እንደማይችል ማስረዳት ይችላል።

መዝገብና ማስረጃ

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከልደት፣ ከጋብቻ፣ ከፍቺና ከሞት ሌላ ልጅነትን መቀበልና በፍርድ ቤት የታወቀ አባትነት እንዲመዘገቡ ያዛል። ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን የሚካሄደውም በቀበሌ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት።

ከዚያ በፊት በደባርቅ፣ በዳባት፣ በጃናሞራ ወይም በበየዳ ገጠር የተወለዱ አብዛኞቹ ሰዎች የልደት መዝገብ የላቸውም። ለእነዚህ ሕጉ ሌላ በር ትቷል፤ ይኸውም ቤተ ዘመዱና ኅብረተሰቡ ሰውየውን የእገሌ ልጅ አድርጎ ሲያውቀው መኖሩን በምስክር ማስረዳት ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ አባት ሆኖ የደገሰ፣ ልጁን ለትምህርት ቤት በስሙ ያስመዘገበ ወይም በሐዘንና በደስታ «ልጄ» ብሎ የጠራ ሰው መኖሩን ጎረቤትና ዘመድ ሊመሰክሩ ይችላሉ። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰነድ የተፈጸመ የአባትነት ተግባር ከዓመታት በኋላ ማስረጃ ይሆናል።

ውጤቱ

አባትነት ሲረጋገጥ በመጀመሪያ የሚለወጠው ስም ነው። በኢትዮጵያ ልጅ በአባቱ ስም ስለሚጠራ፣ አባቱ ያልታወቀ ልጅ ብዙ ጊዜ በእናቱ አባት ስም ይመዘገባል።

ሁለተኛው ቀለብ ነው። በወላጅና በልጅ መካከል የመቀለብ ግዴታ አለ። እናት ልጁን ብቻዋን ስታሳድግ ከአባቱ ቀለብ ለመጠየቅ መጀመሪያ አባትነቱ መታወቅ አለበት።

ሦስተኛው ውርስ ነው። ከጋብቻ ውጭ መወለድ የልጅን የውርስ ድርሻ አይቀንስም። በገጠር አባት ሲሞት በይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው መሬት ወደ ልጆቹ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚነሳው ከቀብር በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቃሉን ሊሰጥ የሚችለው ሰው የለም፤ የሚቀረው ሰነድና ምስክር ነው።

አራተኛው የአባትየው መብት ነው። አባትነቱ የታወቀ ሰው ከእናቲቱ ጋር የልጁ ሞግዚትና አሳዳሪ ይሆናል። ያልታወቀ ግን ልጁን በፍቅር ቢያሳድገውም፣ ከእናቲቱ ጋር ሲለያይ ወይም እናቲቱ ስትሞት በሕግ ፊት እንደ ባዕድ ሊቆጠር ይችላል።