ስቴሬዮ፦ የጎደሉትን ኒውትሪኖዎች ፍለጋ

እ.ኤ.አ. በ2011 በፈረንሳይ ሳክሌ የሚሠሩ የፊዚክስ ባለሙያዎች ከኒውክሌር ሪአክተር የሚወጣውን የኒውትሪኖ፣ ማለትም ከቁስ ጋር እምብዛም የማይገናኘውን ጥቃቅን ቅንጣት፣ ብዛት እንደ አዲስ ሲያሰሉ ሒሳቡ አልገጥም አለ። በየሪአክተሩ አጠገብ የተቆጠረው ከተሰላው 6 በመቶ ያህል ያንሳል። የሚታወቁት የኒውትሪኖ ዓይነቶች ሦስት ናቸው። የጎደሉት ጥቂት ሜትር ሳይጓዙ ወደ አራተኛ ዓይነት ተለውጠው ይሆን? ይህ ስቴራይል ኒውትሪኖ የተባለው ዓይነት፣ ካለ፣ ከስበት በቀር ከቁስ ጋር የሚያገናኘው ነገር ስለሌለ በመሣሪያ አይያዝም፤ የሚታወቀው በሌሎቹ መጉደል ብቻ ነው።

ስቴሬዮ የተባለው የሙከራ መሣሪያ የተተከለው ይህን ለማጣራት ነው። ቦታው ግሬኖብል፣ የላውኤ-ላንዥቫን ተቋም የምርምር ሪአክተር አጠገብ ነበር። ሪአክተሩ 58 ሜጋ ዋት ብቻ ቢሆንም ትንሽነቱ እዚህ ይጠቅማል፤ የነዳጁ እምብርት ቁመት አንድ ሜትር ስለማይሞላ ኒውትሪኖው ከየት እንደተነሣ ከሞላ ጎደል ይታወቃል።

መሣሪያው አንድ ዓይነት የሆኑ ስድስት ክፍሎች በተርታ ተደርድረውበት ነበር፤ የቅርቡ ከእምብርቱ 9 ሜትር፣ የሩቁ 11 ሜትር ገደማ ይርቅ ነበር። ውስጣቸው ጋዶሊኒየም የተጨመረበት፣ ጨረር ሲያገኘው ብርሃን የሚፈነጥቅ ፈሳሽ ነበር። ከሪአክተሩ የመጣው ኒውትሪኖ፣ በትክክለኛ ስሙ ፀረ-ኒውትሪኖ፣ አልፎ አልፎ ከፈሳሹ ፕሮቶን ጋር ሲጋጭ ፖዚትሮንና ኒውትሮን ይወጣሉ። ፖዚትሮኑ ወዲያው ብልጭ ይላል። ኒውትሮኑ ግን ሲንከራተት ቆይቶ ጋዶሊኒየም ሲውጠው፣ ከማይክሮ ሰከንዶች በኋላ ሁለተኛ ብልጭታ ይታያል። ሁለቱ ተከታትለው ካልመጡ አይቆጠርም። የኮስሚክ ጨረርን ለመቀነስ መሣሪያው ከውኃ ቦይ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ የተረፈውን ረብሻ ሪአክተሩ ሲጠፋ ለክተው ያወራርዱት ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አደራደሩ ነው። ኒውትሪኖው በመንገድ ላይ እየተለወጠ ከሆነ ጉድለቱ ከክፍል ክፍል ይለያያል፤ ስሕተቱ ከስሌቱ ከሆነ ግን ስድስቱም በእኩል ይጎድላሉ። ስለዚህ ጥርጣሬ ያደረበትን ስሌት ማመን አያስፈልግም፤ ክፍሎቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ይበቃል።

ከ2016 እስከ 2020 ከ100,000 በላይ ኒውትሪኖዎች ተቆጠሩ። በጃንዋሪ 2023 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ውጤት ጉድለቱ እንዳለ፣ ከክፍል ክፍል ግን ልዩነት እንደሌለ አሳየ። የሪአክተሮቹን ጉድለት ያብራራል የተባለው ስቴራይል ኒውትሪኖ ውድቅ ሆነ። ጥርጣሬው አሁን ስሌቱ ወደተመሠረተበት የቤታ ጨረር መረጃ ዞሯል። በሩሲያ ዲሚትሮቭግራድ የሚካሄደው ኒውትሪኖ-4 የተባለ ሙከራ የስቴራይል ኒውትሪኖን ምልክት አይቻለሁ ቢልም የስቴሬዮ ልኬት ከእሱ ጋር አይስማማም።