ፔካ 12 ሆኖ አዲስ አበባ ያለን ቤት ማስተዳደር

ፔካ 12 ከጅቡቲ ከተማ መሐል ወጣ ብሎ፣ ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ የከባድ መኪና ሾፌሮች ማረፊያ ነው። እዚያ ጭነት የሚጠብቅም ሆነ ኑሮውን የመሠረተ ኢትዮጵያዊ፣ አገር ቤት ያለው ንብረቱ ኪራይ የሚሰበስብና ግብር የሚከፍል ሰው ይፈልጋል። ለዚህ ውክልና አለለት፦ ኤምባሲ ይፈርማል፣ ሰነዱ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ይመዘገባል። መንገዱ ቢያሰለችም የታወቀ ነው። አደጋው ያለው ወረቀቱ ላይ በሚጻፈው ነገር ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2203 እስከ 2205 ባለው ክፍል ጥሩ አጥር አጥሯል። ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው የሚችለው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብና ዕዳ መክፈል። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ ፍርድ ቤት ለመቆም ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። በልማድ ግን «እንዲያከራይ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ» የሚለው ሁሉ በአንድ ወረቀት ይደረደራል። ኪራይ እንዲቀበል የታሰበው ዘመድ በዚያው ፊርማ ቤት ሻጭ ይሆናል። ስለዚህ ማስተዳደሩና መሸጡ በሁለት ወረቀት ቢለያዩ ይሻላል።

«ለእያንዳንዱ ጉዳይ ኤምባሲ ልመላለስ? ወንድሜን ካላመንኩ ማንን ላምን?» የሚል አይጠፋም። ድካሙ እውነት ነው፤ ግን የአስተዳደሩ ወረቀት እስኪሻር ይሠራል፣ ቤት ደግሞ በየወሩ አይሸጥም። ገዢ ሲገኝ የካርታው ቁጥር፣ ዝቅተኛው ዋጋና ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ተጠቅሶ ልዩ ውክልና ይጻፋል። ይህ ወንድምንም ከሐሜት ያድነዋል፤ ተወካይ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበትና። በድንገተኛ ሕመም ቤት መሸጥ ቢያስፈልግስ? ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው፤ ያኔም ሥልጣኑን ለአንድ የተለየ ንብረት ብቻ መስጠት ይቻላል። ቤቱ የጋራ ከሆነ በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የትዳር ጓደኛ ስምምነት ይጠየቃል።

መሻር የወካዩ መብት ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱን ሳይቀበሉ፣ ለመዝገቡና ለባንኩ ሳያሳውቁ ዝም ማለት በቅን ልቦና የተዋዋለ ሦስተኛ ወገን ዘንድ ያስጠይቃል። ወካዩ ከሞተ ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው ያከትማል፤ ልጆቹ ቤቱን ለመሸጥ ቢፈልጉ በአባታቸው ውክልና ሳይሆን በወራሽነት ማስረጃ ነው የሚሄዱት።