ስጋጃውን ስታጸዱ ራሳችሁን አትርሱ

በደማምና በአልኾበር በየሰው ቤት ተሰማርታችሁ የምትገኙ እኅቶቻችን፣ በቤት ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ እንደ መጅሊሱ ስጋጃ የሚያስጨንቃችሁ ያለ አይመስለንም። እንግዳ ይቀመጥበታል፣ ልጅ ይበላበታል፣ ቡና ይደፋበታል፤ እድፍ ሲታይበት ግን የምትጠየቀው ሠራተኛዪቱ ናት። ከድንጋጤ የተነሣም በእጇ የገባውን መድኃኒት ሁሉ የምታፈስበት አለች። ይህ ምንጣፉንም ሰውንም ይጎዳልና ነገሩን በየተራው እንመልከተው።

«ስጋጃ» የሚለው ቃላችን ከዐረብኛው «ሰጃዳ» ጋር ይዛመዳል፤ ሥሩም በግእዝ «ሰገደ» ከምንለው ጋር አንድ ነው። መስገጃ ማለት ነው። የቤቱ ሰዎች ስለሚሰግዱበት ንጽሕናውን አጥብቀው ቢጠይቁ አያስደንቅም። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ትልቁን ምንጣፍ «ዙሊያ»፣ ወለሉን ሁሉ ሸፍኖ የተለጠፈውን «ሞኬት» ይሉታል።

ሀ. አሸዋውን ማስወገድ

ሸማል የሚባለው ነፋስ የሚያመጣው ደቃቅ አሸዋ ከስጋጃው ሥር ይቀመጥና ሰው በረገጠው ቁጥር ክሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ስለዚህ «መክነሳ» በሚሉት የአቧራ መሳቢያ ማሽን ጸጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። የዳር ዘርፉን ማሽኑ ይበጥሰዋልና በእጅ አራግፉት። ብል የሚራባው በሶፋው ሥር፣ በጨለማው ቦታ ነውና እዚያም መድረስ ይገባል።

ለ. ምን ዓይነት እንደ ሆነ ማወቅ

ከበግ ፀምርና ከሐር የተሠራው ስጋጃ ፍል ውኃና ብርቱ ፍትጊያ አይወድም። የመንዝ ባና በፍል ውኃ ቢታሽ ተኮማትሮ እንደሚጠብቅ ሁሉ ይህም እንደዚያው ነው። ከማጠባችሁ በፊት ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ በማይታይ ጥግ ላይ ጥቂት ጊዜ ተጫኑት፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ስጋጃው ቀለሙን ይለቃልና ለባለሙያ ይተው።

ሐ. ነገር ሲደፋበት

ዋናው ነገር ፍጥነት ነው። አትፈትጉ፤ ፍትጊያ እድፉን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ከዳር ወደ መሐል እየተጫናችሁ ምጠጡት።

ቡናና ሻይ ከሆነ፦ በቀዝቃዛ ውኃ ምጠጡት። ካልለቀቀ በአንድ ሊትር ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ ኮምጣጤ ጨምሩና ጨርቁን በዚያ እያራሳችሁ ተጫኑት፤ በመጨረሻም በንጹሕ ውኃ አጥሩት። ዘዕፈራን የገባበት የዐረብ ቡና ቢጫው ቶሎ ስለሚይዝ ለነገ አይባልም።

ደም፣ ወተትና እንቁላል ከሆነ፦ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ። ሙቅ ውኃ ያበስለውና ያጣብቀዋል።

ቅባት ከሆነ፦ «ነሻ» የሚሉትን የበቆሎ ዱቄት ነስንሳችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት፤ ዘይቱን ሲመጥ በማሽን ሳቡት።

የቡኹር ፍም ከወደቀ፦ ወዲያው በመቆንጠጫ አንሡ። አመዱ ፈጽሞ ሳይበርድ በማሽን አትሳቡት፤ ማሽኑን ሊያቃጥል ይችላል።

ሒና ግን ፀምርን እንደ ሰው ጸጉር ያቀልመዋል፤ ማስለቀቁ ከባድ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ሒና ሲቀቡ አስቀድሞ አሮጌ አንሶላ ማንጠፍ ይሻላል።

ከታጠበ በኋላ ደግሞ በደማም በጋ አየሩ እርጥብ ስለሆነ በመስኮት አየር ብቻ አይደርቅም፤ ይሻግታል፣ ይሸታልም። ውኃ አታብዙ፤ ኤርኮንዲሽኑን ወይም ማራገቢያውን ክፈቱለት።

መ. ስለ በረኪና

ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። በረኪና ፀምርንና ሐርን ይበላል፤ የሌላውንም ምንጣፍ ቀለም ሊያጠፋ ይችላል። ከዚህ የሚከፋው መቀላቀሉ ነው። በረኪና ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም ሳንባን የሚያቃጥል ሌላ ጋዝ ይፈጠራል። በር በተዘጋበት ክፍል ይህ ሰው ይገድላል። «ሁለት ሲሆን ይበረታል» የሚለው ሐሳብ ስሕተት ነው። ዓይን ካቃጠለ፣ ሳል ካስነሣ፣ ትንፋሽ ካሳጠረ ሁሉን ትታችሁ ወደ ንጹሕ አየር ውጡ። ሕፃናት ካሉ ይዛችኋቸው ውጡ። ወደ ቀይ ጨረቃ አምቡላንስ በ997 ይደወል።

ሠ. አለመደበቅ

እድፍ ትራስ ቢጫኑበትም፣ ሶፋ ቢገፉበትም አይጠፋም፤ ሲቆይ ይጸናል። በመጀመሪያው ሰዓት የሚለቅ ነገር በሳምንቱ አይለቅም። ስለዚህ ወዲያው «ማዳም፣ ኢንከበት አልገህዋ አለ ዙሊያ» ማለት፣ ማለትም «ቡናው ስጋጃው ላይ ፈሰሰ» ብሎ መንገር ይሻላል። መናገር ቁጣ ሊያመጣ ይችላል፤ እናውቃለን። ነገር ግን ሌሊት ተደብቆ በር ዘግቶ በመድኃኒት መታገል ከቁጣው የባሰ ነገር ያመጣል።

እኅቶቻችን ሆይ፣ ስጋጃ በገንዘብ ይገዛል። በአገር ቤት የሚጠብቋችሁ እናቶችና ልጆች ግን በእናንተ ፈንታ የሚገዙት ሌላ ሰው የላቸውም። በትጋት ሥሩ፤ ጤናችሁን ግን ለምንጣፍ አትስጡ።

ይቆየን።