ጭንቅላት የተሸከመው የቲታኒየም አጥንት

ከማተብና ከሐብል ማሰሪያነቱ ባሻገር ስለ አንገታችን ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን? 5 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውን ጭንቅላታችንን የሚሸከሙት ሰባት ትንንሽ አጥንቶች ናቸው። ከእነዚህም የላይኞቹ ሁለቱ ከሌሎቹ የተለዩ ናቸው። አንደኛው እንደ ቀለበት ክብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ ላይ የቆመ ጥርስ መሰል ካስማ አለው። ቀለበቱ በካስማው ዙሪያ ስለሚሽከረከር ነው ሲጠሩን ዞር ብለን “አቤት” የምንለው።

ታዲያ ዕጢ በቅሎ ይህን ካስማ ያለውን አጥንት ቢበላውስ? ቦታው ለሐኪም አስፈሪ ነው። ከፊቱ ጉሮሮ፣ ከኋላው ህብለ ሰረሰር፣ በግራና በቀኙ ደግሞ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሁለት ሥሮች አሉ። ህብለ ሰረሰሩ እዚህ ላይ ክፉኛ ከተጎዳ፣ እጅና እግር መስነፍ ብቻ ሳይሆን ትንፋሽም ሊቆም ይችላል።

በቤጂንግ የተደረገው

እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የ12 ዓመት ቻይናዊ ልጅ ይኸው ችግር ደረሰበት። ሁለተኛው የአንገቱ አጥንት ዩዊንግ ሳርኮማ በተባለ የካንሰር ዓይነት ተይዞ ነበር። የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ሆስፒታል ሐኪሞች፣ በዶክተር ሊዩ ጆንግጁን መሪነት፣ የታመመውን አጥንት አውጥተው ሌላ ሊተኩለት ወሰኑ።

እንዲህ ባለው ሕክምና የቆየው ልማድ የቲታኒየም ቱቦ መትከል ነበር። ሆኖም በሽተኛው ጭንቅላቱ በብረት ማዕቀፍ ተወጥሮ ቢያንስ ሦስት ወር መቆየት ነበረበት። የቤጂንግ ሐኪሞች ግን ለልጁ አንገት ብቻ የሚሆን አጥንት በኮምፒዩተር ነደፉ። ከዚያም ስሪ ዲ ፕሪንተር በሚባለው መሣሪያ የቲታኒየም ዱቄት በኤሌክትሮን ጨረር እየቀለጠ፣ ድርብ በድርብ እየተነባበረ አጥንቱ ተሠራ። ብረቱ እንደ ስፖንጅ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት፣ የልጁ የራሱ አጥንት ወደ ውስጡ አድጎ ይይዘዋል።

ልጁ በሰባተኛው ቀን መራመድ ጀመረ። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ተጨማሪ የካንሰር ሕክምናው ቀጠለ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመረመር ዕጢው አልተመለሰም፤ ብረቱም ከአጥንቱ ጋር ተዋህዶ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በሲድኒ ዶክተር ራልፍ ሞብስ፣ ኮርዶማ የተባለ ዕጢ ሁለቱን የላይኛ አጥንቶች ለያዘበት አንድ ሰው ተመሳሳይ ሕክምና አደረጉ። በአፍ በኩል የተሠራው ይህ ቀዶ ሕክምና 15 ሰዓት ያህል ፈጅቷል። ሰውየውም በኋላ ምግብ ለመዋጥ ተቸግሮ ነበር።

እኛስ ምን እንማር?

ብረቱ ጭንቅላትን ይደግፋል እንጂ ካንሰርን አያድንም። ካንሰሩን የሚዋጋው ዕጢውን ማውጣቱና ተከትሎት የሚመጣው ሕክምና ነው። ይህም በጊዜ ሲደረስበት ይሻላል።

በስደት ዓለም ታክሲ ስንነዳ፣ ሸክም ስናነሳ ውለን አንገታችንን ሲያመን “ብርድ ነው” ብለን በቅባት አሽተን እንተኛለን። በእርግጥ አብዛኛው የአንገት ሕመም ለክፉ አይሰጥም። ነገር ግን ሕመሙ በዕረፍት አልለቅ ካለ፣ ሌሊት ከባሰ፣ ያለ ምክንያት ካከሳ፣ እጅ ካደነዘዘ ወይም አረማመድ ካበላሸ፣ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት ያስፈልጋል። ሳይመረመሩ አንገትን ለወጌሻ ሰጥቶ ማስጠምዘዝ ግን አደጋ አለው፤ በዕጢ የተበላ አጥንት በቀላሉ ይሰበራልና።

ቋንቋው ያስቸግረኛል ብሎ መቅረትም አይገባም። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ለበሽተኛው በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ስንታከም “የአማርኛ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ” እንበል።