ገለልተኛው የሩጫ ጫማ፤ ለማለዳ ልምምድና ለቢሮ መንገድ



የመንግሥት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ተቀምጦ ስለሚውል፥ ጤናውን ለመጠበቅ ማለዳ ተነሥቶ እንዲሮጥ ወይም ወደ ቢሮው በእግሩ እንዲሄድ ሐኪሞች ደጋግመው ይመክሩታል። ምክሩንም የተቀበሉት ብዙዎች ለመሆናቸው ገና ጎሕ ሲቀድ በመስቀል አደባባይ ላይ ሲሮጡ የሚታዩት ሰዎች ምስክር ናቸው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዋና መሣሪያ ጫማ ነው፤ ጫማው ደግሞ ከወር ደመወዝ ላይ ብዙ ቈርሶ የሚሄድ ዕቃ ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ለዕለት ልምምድና ለእግር መንገድ ተብሎ ስለሚሠራው፥ ባለሙያዎች «ኒውትራል» ስለሚሉት፥ እኛም ገለልተኛ ብለን ስለምንጠራው የሩጫ ጫማ ጥቂት ለመግለጽ እንወዳለን። ከአበበ ቢቂላ ድሎች በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ገለልተኛ የተባለበትን ምክንያት ለመረዳት አስቀድሞ የእግርን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኛው ሯጭ መሬት ሲረግጥ በመጀመሪያ የሚያርፈው የተረከዙ የውጭ ጠርዝ ነው፤ ከዚያም እግሩ ወደ ውስጥ ጥቂት ዘንበል ይልና የውስጥ እግሩ ጐድጓዳ ክፍል ረገብ ይላል፤ በመጨረሻም በአውራ ጣቱ በኩል መሬቱን ገፍቶ ይነሣል። ይህ ወደ ውስጥ መዘንበል ሕመም ሳይሆን፥ የመሬቱን ግጭት ለማብረድ በተፈጥሮ የተሰጠን ዘዴ ነው። በእግር ስንሄድ አንደኛው እግራችን ምን ጊዜም ከመሬት ስለማይለይ፥ የሚቀበለው ጫና ከሰውነታችን ክብደት እምብዛም አይበልጥም። በሩጫ ጊዜ ግን ሁለቱም እግሮች ለቅጽበት አየር ላይ ከቈዩ በኋላ አንዱ ብቻውን ስለሚያርፍ፥ ጫናው የሰውነት ክብደት 2 ወይም 3 ዕጥፍ ይሆናል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየእርምጃው ከ140 እስከ 210 ኪሎ የሚደርስ ጫና ይሸከማል ማለት ነው፤ 5 ኪሎ ሜትርም ቀስ ብሎ ቢሮጥ ይህን ወደ 5,000 ጊዜ ያህል ይደጋግመዋል።

ጫማ ሠሪዎች ይህን የእግር መዘንበል አይተው፥ ከልክ በላይ ወደ ውስጥ ለሚያዘነብል እግር በሶሉ የውስጥ ወገን ጠንከር ያለ ስፖንጅ እየጨመሩ ደጋፊ ጫማ ማውጣት ጀመሩ። ገለልተኛ የሚባለው እንግዲህ ይህ ድጋፍ የሌለው፥ የሶሉ ልስላሴ በውስጥም በውጭም ወገን እኩል የሆነው ጫማ ነው። ሻጮችም ለብዙ ዓመታት የገዢውን እርጥብ እግር በወረቀት ላይ እያስረገጡ፥ «የእርስዎ እግር ጠፍጣፋ ነው፤ ደጋፊ ጫማ ያስፈልግዎታል» ሲሉ ኖሩ። ጥበቡ ሳይንስ ይመስል ነበር። ነገር ግን በ2009 እና በ2010 የታተሙ ጥናቶች፥ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ለአዲስ ምልምሎች በእግራቸው ቅርጽ መሠረት ጫማ መስጠት ጕዳትን አለመቀነሱን አመለከቱ። በዴንማርክም 927 ጀማሪ ሯጮች ሁሉም ገለልተኛ ጫማ ተሰጥቷቸው አንድ ዓመት ከተከታተሏቸው በኋላ፥ በ2014 የወጣው ውጤት እግራቸው ወደ ውስጥ የሚያዘነብል ሰዎች ከሌሎቹ ይበልጥ አለመጐዳታቸውን ገለጠ። ነገሩ በዚህ አልተዘጋም፤ ድጋፍ የሚጠቅማቸው ሰዎች እንዳሉ የሚያሳይ ጥናትም አለ። ቢሆንም ሕመም የሌለበት ሰው በእርጥብ እግር ምልክት ብቻ ፈርቶ ውድ ጫማ የሚገዛበት ምክንያት የለም።

የልስላሴ ጕዳይ ግን ከዚህ ይለያል። በሉክሰምቡርግ 848 ሯጮች በመልክ አንድ የሆኑ፥ በልስላሴ ግን የተለያዩ ሁለት ዓይነት ጫማዎች ተከፋፍለው ለ6 ወር ሮጡ፤ የትኛው እንደ ደረሳቸው አልተነገራቸውም። በ2020 እንደ ታተመው ውጤት፥ ጠንካራውን ጫማ ያደረጉት የመጐዳት ዕድላቸው ለስላሳውን ካደረጉት በአንድ ተኩል ዕጥፍ ያህል በልጦ ተገኘ።

ይህ ልስላሴ የሚገኘው በጫማው የታችኛ ጎማና በእግሩ መካከል ካለው ስፖንጅ ነው። በ1914 በፊላዴልፊያ ከተማ ተቋቁሞ በመጀመሪያ የባሌት ጫማ ይሠራ የነበረው የአሜሪካ ፋብሪካ ብሩክስ፥ በ1970ዎቹ አጋማሽ «ቪላኖቫ» በተባለው ጫማው ላይ ኢ.ቪ.ኤ. የሚባለውን፥ እጅግ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የሞሉበትን ስፖንጅ በመጠቀም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ። ይኸው ፋብሪካ ከ2008 ጀምሮ «ጎስት» የሚል ስም ያለው ገለልተኛ ጫማ ያወጣል። ስሙ መንፈስ ወይም ጣረ ሞት ማለት ነው፤ ለምን ለጫማ እንደ ተመረጠ ለስም አውጪዎቹ እንተውላቸው። ጎስት ለሩጫም ለእግር መንገድም ስለሚስማማ በብዙ አገር ይለበሳል፤ እንደ መጽሐፍ እትምም ቍጥሩ እየጨመረ ይታደሳል።

እድሳቱ አንዳንድ ጊዜ የቀለምና የጨርቅ ለውጥ ብቻ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን እግር የሚያውቀው ለውጥ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል በ2024 በወጣው በ16ኛው ጎስት የስፖንጁ ከረጢቶች በናይትሮጅን ጋዝ የተሞሉ ሆኑ። በ2025 በወጣው በ17ኛው ደግሞ ተረከዙ ከፊተኛው ክፍል የሚበልጥበት ከፍታ ከ12 ሚሊ ሜትር ወደ 10 ተቀነሰ። ሁለት ሚሊ ሜትር ከንቱ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ተረከዙ ከፍ ሲል ጫናው ወደ ጕልበት፥ ዝቅ ሲል ወደ ባትና ወደ ቋንጃ ጅማት ያደላል። ስለዚህ የአሮጌውን ቍጥር የለመደ ሰው አዲሱን ሲገዛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መንገዱን አሳጥሮ ቢጀምር ይሻለዋል። ለደመወዝተኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ደግሞ ይህ ነው፤ አዲሱ ቍጥር በወጣ ጊዜ የቀድሞው ዋጋ ይወርዳል፥ ያልተለበሰው የአምና ጫማም በአንድ ሌሊት አልተበላሸም።

ታዲያ መምረጫው ምንድን ነው? ምቾት ነው። አበበ ቢቂላ ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ያሸነፈው ጫማ ጠልቶ ሳይሆን ለእግሩ የሚመች ስላላገኘ ነበር፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ግን ጫማና ካልሲ አድርጎ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። እግር ወደ ማታ ስለሚያብጥ ጫማ የሚለካው ከሥራ በኋላ ነው። ሁለቱንም እግር፥ በሚሮጡበት ካልሲ፥ ቆመው ይለኩ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። ሲራመዱ ተረከዙ የሚያመልጥ፥ ወይም ሻጩ «ሲለብሱት ይሰፋል» የሚልልዎት ጫማ ከመደርደሪያው ላይ ይቈይ። የታወቀ ፋብሪካ ስም የተጻፈበት ሁሉም ከዚያ ፋብሪካ አልወጣም። ሰልባጅ የሚገዛም ሰው ጫማውን በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከበስተኋላ ይመልከተው፤ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፥ ስፖንጁም በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ እንጨት ከደረቀ፥ የላዩ ማማር አያታልለው።

ፋብሪካዎቹ ለአንድ ጫማ የሚሰጡት ዕድሜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሳምንት 15 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ፥ በዚያው ጫማ ደግሞ 18 ኪሎ ሜትር ወደ ቢሮ የሚመላለስ ሰው በ20 ሳምንት 660 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ አምስት ወር እንኳ አይሞላም። ለሩጫ ብቻ ቢያደርገው ግን እስከ አሥር ወር ያህል ይቈየዋል፤ ለሩጫ የደከመውንም ጫና ለሚያንሰው ለቢሮ መንገድ ሊያዛውረው ይችላል። በክረምት የራሰ ጫማ በምድጃ አጠገብ አይደርቅም፤ ሙቀት ሙጫውንና ስፖንጁን ይጐዳዋል። ማሰሪያውን ፈቶ፥ በውስጡ ያረጀ ጋዜጣ ጨምድዶ ከትቶ፥ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ማሳደር ይበቃል።