የሂት ፓምፕ ድካም የሚቀልለው የት ነው?
ሂት ፓምፕ ሙቀትን ከቀዝቃዛ ቦታ ቀድቶ ወደ ሞቃት ቦታ የሚያሻግር ማሽን ነው። ፍሪጅ ከሆዱ የወሰደውን ሙቀት በጀርባው እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ይህም ከውጭ አየር ወይም ከውሃ ወስዶ ቤት ያሞቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1938 በዙሪክ ማዘጋጃ ቤት የተተከለው ሙቀቱን ይቀዳ የነበረው ከሊማት ወንዝ ነው። ስለ ማሽኑ ሲወራ ሙገሳው በአብዛኛው ጋዝ ለሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚበላው እሱ ነውና አያስደንቅም። ምን ያህል እንደሚለፋ የሚወስኑት ግን ሙቀቱ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው፣ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ሙቀት መለዋወጫዎች ናቸው። ውጭው 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለማሞቂያ የሚፈለገው ውሃ 35 ዲግሪ ነው እንበል። ሙቀት በራሱ የሚፈሰው ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ በማሽኑ ቱቦ እየዞረ ሙቀቱን የሚሸከመው ጋዝ ከውጭው አየር ይልቅ መቀዝቀዝ፣ ከውሃው ይልቅ ደግሞ መሞቅ አለበት። መለዋወጫው ደካማ ሆኖ በየጫፉ የ10 ዲግሪ ልዩነት ከፈለገ፣ ኮምፕሬሰሩ ሙቀቱን ከዜሮ በታች ካለ 10 ዲግሪ እስከ 45 ድረስ፣ 55 ዲግሪ ሽቅብ ይገፋል። ልዩነቱ ወደ 5 ሲወርድ 45 ዲግሪ ብቻ ይበቃዋል። የሂት ፓምፕን የብቃት ጣሪያ በሚያሳየው የካርኖ ቀመር መሠረት በ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛው ሙቀት ከ5.8 ኪሎዋት ወደ 7 ገደማ ያድጋል። እውነተኛ ማሽን ከዚህ ጣሪያ በታች ነው የሚሠራው፤ ቢሆንም ኮምፕሬሰሩ ሳይነካ ይህን ያህል መንገድ መከፈቱ ቀላል ነገር አይደለም።

«ትልቅ መለዋወጫ ብዙ መዳብና አሉሚኒየም ይፈጃል፣ ዋጋው ይወደዳል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነትም አለው። ነገር ግን ብረቱ የሚገዛው አንዴ ነው፤ የመብራት ሂሳብ በየክረምቱ ይመጣል። ደግሞም መፍትሔው ማተለቅ ብቻ አይደለም። ውስጡ በቀጫጭን መስመሮች የተቦረቦረ ቱቦ በዚያው ርዝመት የበለጠ ሙቀት ያስተላልፋል። ቱቦው ሲቀጥን የሚይዘው ጋዝ ስለሚያንስ፣ እንደ ፕሮፔን ያለ ተቀጣጣይ ጋዝ ለመጠቀም ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዋጋው የሚከብደው የአመዳይ ጉዳይ ነው። የውጭው መለዋወጫ እርስ በርስ የተጠጋጉ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች አሉት፤ ገጻቸው ከዜሮ በታች ሲወርድ የአየሩ እርጥበት እላያቸው ላይ ይረጋል፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይጠባል፣ አየር ማለፍ ያቅተዋል፣ ጋዙ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ አመዳዩም ይወፍራል። በመጨረሻ ማሽኑ ሥራውን ገልብጦ፣ ለቤቱ የሰጠውን ሙቀት ለበረዶ ማቅለጫ ያውለዋል። ስለዚህ ቅጠሎቹን እጅግ ማጠጋጋት፣ ወይም ውሃ በማያንጠባጥብ አኳኋን ጠፍጣፋ ቱቦዎችን አግድም መደርደር ያተረፈ መስሎ ያከስራል። ይህ ግን ጥሩ ንድፍን የሚቃወም ሳይሆን አስፈላጊነቱን የሚያሳይ ነው፦ ውጭው 5 ዲግሪ ሲሆን፣ 10 ዲግሪ ልዩነት የሚፈልገው መለዋወጫ ከዜሮ በታች 5 ወርዶ አመዳይ ይሸከማል፤ 4 ዲግሪ የሚበቃው ግን 1 ዲግሪ ላይ ቆሞ ውሃውን እያንጠባጠበ ሥራውን ይቀጥላል።