መግነጢስ ጣትን ሲያንቀሳቅስ

እዚህ አዳማ የምህንድስና ተማሪዎች የፋራዳይን ሕግ የምናውቀው በትራንስፎርመርና በጄኔሬተር ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ሼፊልድ ሕጉን ለአንጎል ተጠቀሙበት። ጭንቅላት ላይ በተጠጋ የሽቦ ጥቅል ውስጥ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ያልፋል፤ የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ የራስ ቅልን ዘልቆ ነርቮችን ይቀሰቅሳል። የግራ አንጎል የእንቅስቃሴ ክፍል ሲቀሰቀስ የቀኝ እጅ ጣቶች ባለቤታቸው ሳያዝ ይንቀሳቀሳሉ፤ መልእክቱ እጅ የሚደርሰው በ20 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው።

ስትሮክ እጁን ለያዘበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጡንቻው ምላሽ ከሰጠ፣ ከአንጎል ወደ እጅ የሚወርደው መስመር ፈጽሞ አልተቋረጠም ማለት ነው፤ የመዳን ተስፋውም ይሰፋል። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ታማሚ ካለ «አለቀለት» አንበል፤ ፈጥነን ሐኪም ቤት፣ ከዚያም ፊዚዮቴራፒ እናድርሰው። ሰበቡን ማድረስ ከኛ፣ ሺፋው ከአላህ ነው።